በአውሮፓ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የሚሰጡ ልዩ የድጋፍ አገልግሎቶች

በአውሮፓ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የሚሰጡ ልዩ የድጋፍ አገልግሎቶች በባል፣ በፍቅር ጓደኛ፣ በቤተሰብ አባል ወይም በሌላ ሰው ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ልጆቻቸውን ለመርዳት ብቻ ተብለው የተቋቋሙ አገልግሎቶች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ መጠለያዎች፣ ሌት ተቀን የሚሠሩ ነጻ የስልክ መስመሮች፣ የምክርና የሕግ ድጋፍ ማዕከላት እንዲሁም አስገድዶ መድፈር ለደረሰባቸው ሴቶች የተዘጋጁ የሕክምና ማዕከላት ናቸው። ብዙዎቹን የሚያካሂዷቸው የሴቶች ማኅበራት ሲሆኑ፣ ገንዘቡ ከመንግሥት፣ ከከተማ አስተዳደሮችና ከበጎ አድራጊዎች ይመጣል።

አገልግሎቶቹ በ1970ዎቹ በጥቂት ከተሞች በበጎ ፈቃደኛ ሴቶች ተጀመሩ። ዛሬ የኢስታንቡል ስምምነት በመባል የሚታወቀውን ውል ባጸደቁ አገሮች ሁሉ የመንግሥት ግዴታ ናቸው። ሆኖም ግዴታው በሕግ ከሰፈረ በኋላም በብዙ አገሮች ያለው ቦታ ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው። አንዲት ሴት ከቤቷ ለመውጣት በቆረጠችበት ሌሊት አልጋ ማግኘቷና አለማግኘቷ እስከ ዛሬ የሚወሰነው በምትኖርበት አገር፣ ከተማና የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት ጭምር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምንነት

የኢስታንቡል ስምምነት ድጋፍን በሁለት ይከፍላል። አንደኛው አጠቃላይ የድጋፍ አገልግሎት ነው (አንቀጽ 20)። ይህም ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት የሆኑ ሆስፒታሎችን፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎችን፣ የቤትና የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችን ያጠቃልላል። ሁለተኛው ልዩ የድጋፍ አገልግሎት ነው (አንቀጽ 22)። ይህ ስለ ጾታዊ ጥቃት በሠለጠኑ ባለሙያዎች የሚሰጥና ለተጎጂዎች ብቻ የተቋቋመ ነው።

ልዩነቱ በምሳሌ ግልጽ ይሆናል። ክንዷ የተሰበረ ሴት ሆስፒታል ብትሄድ ሐኪሙ አጥንቷን ይጠግናል። ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ መርማሪው ወንጀል መፈጸሙን ያጣራል። የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ብትሄድ ሠራተኛው ድጎማ የማግኘት መብት እንዳላት ይመለከታል። ሦስቱም ያስፈልጓታል። ነገር ግን ዛሬ ማታ ወደ ቤት ብትመለስ ምን ሊደርስባት እንደሚችል፣ ባትመለስ ደግሞ ከልጆቿ ጋር የት እንደምታድር አብሯት ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው የምታገኘው በልዩ አገልግሎቱ ነው።

ልዩ አገልግሎቶች በአብዛኛው የሚከተሏቸው መርሖዎች የሚከተሉት ናቸው፦

ደኅንነት፦ የመጀመሪያው ሥራ ተጎጂዋና ልጆቿ ያሉበትን አደጋ መገመትና መቀነስ ነው።

ምሥጢር ጠባቂነት፦ በሕግ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ለምሳሌ ሕፃን አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር፣ የተነገረው ነገር ያለ ፈቃዷ ለሌላ አይተላለፍም።

የራሷ ውሳኔ፦ ትሂድ ወይም ትቆይ፣ ትክሰስ ወይም አትክሰስ የምትወስነው ራሷ ናት። የባለሙያዋ ሥራ አማራጮቹንና እያንዳንዱ የሚያስከትለውን ማሳየት ነው።

ከክስ ነጻ መሆን፦ በስምምነቱ አንቀጽ 18 መሠረት ድጋፉ ተጎጂዋ ክስ ለመመሥረት ወይም ለመመስከር ፈቃደኛ በመሆኗ ላይ ሊመሠረት አይችልም።

የመጨረሻው መርሕ ትልቅ ትርጉም አለው። የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ኤጀንሲ በ2014 ባሳተመው ጥናት በ28 አገሮች 42,000 ያህል ሴቶች ተጠይቀው ነበር። ከሦስት ሴቶች አንዷ ከ15 ዓመቷ ጀምሮ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባት ተናግራለች። በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛ ከደረሰባቸው ጥቃት እጅግ የከፋውን ለፖሊስ ያመለከቱት ግን 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እርዳታው የሚገኘው በፖሊስ በኩል ብቻ ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹ ሴቶች ከበሩ ውጭ ይቀሩ ነበር።

ስምምነቱ በአንቀጽ 48 አስገዳጅ ሽምግልናንና እርቅንም ይከለክላል። ሽምግልና ሁለቱ ወገኖች በእኩልነት ተቀምጠው መነጋገር እንደሚችሉ ታሳቢ ያደርጋል። አንደኛዋ ወገን ሌላውን በምትፈራበት ቤት ግን እኩልነቱ የለም። ከአጥቂ መለየት በራሱ አደጋን የሚጨምር ወቅት መሆኑም በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። ቁጥጥሩ እንዳመለጠው የተሰማው ሰው የባሰ ጥቃት ሊፈጽም ይችላል። «ለምን ትታው አትሄድም?» ለሚለው የተለመደ ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው፤ መውጣት ያለ ዝግጅትና ያለ መጠለያ ሲሆን ከመቆየት የበለጠ ሊያሰጋ ይችላል።

በአጠራር ረገድ ፖሊስና ፍርድ ቤቶች «ተጎጂ» የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ፣ ብዙ የሴቶች ድርጅቶች «ከጥቃት የተረፈች» ማለትን ይመርጣሉ። ሁለተኛው አጠራር ሴቲቱ ከደረሰባት ነገር በላይ መሆኗን ያመለክታል።

ታሪክ

እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአውሮፓ በቤት ውስጥ የሚፈጸም ድብደባ በአብዛኛው እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ይታይ ነበር። ፖሊስ ቢጠራ እንኳ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስቱን አረጋግቶ ይመለስ ነበር። ባል ሚስቱን አስገድዶ መድፈሩ በእንግሊዝ በፍርድ ቤት ውሳኔ እንደ ወንጀል የተቆጠረው በ1991 ሲሆን፣ በጀርመን ሕጉ የተሻሻለው በ1997 ነው።

በዘመናዊ መልኩ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው መጠለያ በ1971 በለንደን ቺዝዊክ በሚባል ሰፈር በኤሪን ፒዚ ተከፈተ። ቤቱ መጀመሪያ ለሴቶች መሰብሰቢያ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ከባሎቻቸው የሸሹ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ሲጀምሩ መጠለያ ሆነ። በ1974 በብሪታኒያ የነበሩ መጠለያዎች በአንድ ፌዴሬሽን ተሰባሰቡ። በ1975 የብሪታኒያ ፓርላማ ኮሚቴ ለእያንዳንዱ 10,000 ነዋሪ አንድ የቤተሰብ ቦታ እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። ይህ መለኪያ በኋላ በመላው አውሮፓ ተለመደ።

እንቅስቃሴው በፍጥነት ተስፋፋ። በ1974 በአምስተርዳም ስሙ «ከሰውነቴ ራቅ» የሚል ትርጉም ያለው መጠለያ ተቋቋመ። በ1976 በምዕራብ በርሊንና በኮሎኝ፣ በ1978 ደግሞ በቪየናና በኦስሎ መጠለያዎች ተከፈቱ። በኮፐንሃገን በ1979 ሴቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለድሆች ሴቶች የተሠራና ሊፈርስ የነበረ ትልቅ ሕንፃ ገብተው ያዙ። ሕንፃው ገንዘብ ተሰብስቦ ከተገዛ በኋላ መጠለያ ሆነ።

አስገድዶ መድፈር ለደረሰባቸው ሴቶች የሚሆኑ ማዕከላትም በዚሁ ጊዜ ተጀመሩ። በለንደን በ1976፣ በደብሊን በ1979 ተከፍተዋል። በ1986 በማንቸስተር በሚገኘው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናን፣ የማስረጃ ምርመራንና የምክር አገልግሎትን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል ተቋቋመ። ይህ በብሪታኒያ የመጀመሪያው ነበር።

በ1994 የተመሠረተውና መቀመጫው ቪየና የሆነው የአውሮፓ ሴቶች ጥቃት ተከላካይ መረብ፣ በብዙ አገሮች ያሉትን ድርጅቶች ያገናኛል፤ በየአገሩ ያለውን የመጠለያና የስልክ መስመር ብዛትም በሪፖርቶቹ ያነጻጽራል።

የኢስታንቡል ስምምነት

የአውሮፓ ምክር ቤት በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትንና የቤት ውስጥ ጥቃትን ለመከላከልና ለመታገል ያወጣው ስምምነት ግንቦት 11 ቀን 2011 በኢስታንቡል ለፊርማ ቀረበ። በሥራ ላይ የዋለው ከኦገስት 1 ቀን 2014 ጀምሮ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት 46 አባል አገሮች ያሉት ድርጅት ሲሆን ከአውሮፓ ኅብረት የተለየ ነው።

ከስምምነቱ በፊት የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ጉዳዩን በተለያዩ ውሳኔዎች አንስቶ ነበር። ከእነዚህ ታዋቂው በ2009 በቱርክ ላይ የተሰጠው የኦፑዝ ውሳኔ ነው። አመልካቿና እናቷ የአመልካቿን ባል ጥቃት በተደጋጋሚ ለባለሥልጣናት አመልክተው ነበር። ሆኖም ዛቻ ሲደርስባቸው አቤቱታቸውን ስላነሱ ክሶቹ ተቋረጡ፤ በመጨረሻም እናትየዋ በአማቿ ተገደለች። ፍርድ ቤቱ መንግሥት የማወቅ ዕድል እያለው ሴቶቹን ባለመጠበቁ ኃላፊ ነው አለ። ጥበቃው ጉድለት የደረሰው በተለይ በሴቶች ላይ በመሆኑም አድልዎ ጭምር መሆኑን አረጋገጠ።

ስምምነቱ ስለ ልዩ አገልግሎቶች ከሚያዝዛቸው መካከል፦

አንቀጽ 22፦ ለአጭርና ለረጅም ጊዜ የሚሆን ልዩ ድጋፍ በአገሪቱ ክልሎች ሁሉ በተመጣጠነ ሁኔታ እንዲዳረስ፤

አንቀጽ 23፦ በቀላሉ የሚደረስባቸውና በቂ ቁጥር ያላቸው መጠለያዎች እንዲኖሩ፤

አንቀጽ 24፦ በመላ አገሪቱ 24 ሰዓት በነጻ የሚሠራ የስልክ መስመር እንዲኖር፤

አንቀጽ 25፦ ወሲባዊ ጥቃት ለደረሰባቸው የሕክምናና የማስረጃ ምርመራ ማዕከላት እንዲቋቋሙ፤

አንቀጽ 26፦ ጥቃትን ለተመለከቱ ልጆች ድጋፍ እንዲሰጥ።

ከስምምነቱ ጋር የወጣው ማብራሪያ መለኪያዎችን ይጠቅሳል። ለ10,000 ነዋሪዎች አንድ የቤተሰብ ቦታ፣ ለ200,000 ነዋሪዎች አንድ የወሲባዊ ጥቃት ማዕከል ሊኖር ይገባል። በዚህ ስሌት 10 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር 1,000 የቤተሰብ ቦታዎችና 50 ማዕከላት ያስፈልጓታል። አንድ የቤተሰብ ቦታ ማለት ለእናትና ለልጆቿ የሚሆን ቦታ እንጂ አንድ አልጋ አይደለም። ሪፖርቶች በሚነጻጸሩበት ጊዜ ይህን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል።

አፈጻጸሙን የሚከታተለው ግሬቪዮ የተባለው የባለሙያዎች ቡድን ነው። ቡድኑ አገሮችን ጎብኝቶ፣ ከመንግሥትም ከሴቶች ድርጅቶችም መረጃ ሰብስቦ በይፋ ሪፖርት ያወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶች በ2017 ስለ ኦስትሪያና ስለ ሞናኮ ወጡ።

ስምምነቱ ተቃውሞም ገጥሞታል። በቡልጋሪያ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2018 ስምምነቱ ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጋር እንደማይጣጣም ወሰነ። የሀንጋሪ ፓርላማ በ2020 እንዳይጸድቅ የሚጠይቅ መግለጫ አወጣ። በ2012 ስምምነቱን ከሁሉም አስቀድማ ያጸደቀችው ቱርክ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ወጣች። ተቃዋሚዎቹ በአብዛኛው የሚያነሱት ስምምነቱ ጾታን የሚተረጉምበትን መንገድና በባህላዊ ቤተሰብ ላይ ያመጣል የሚሉትን ተጽዕኖ ነው። በሌላ በኩል ዩክሬንና ዩናይትድ ኪንግደም በ2022 አጽድቀውታል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 እንደ ድርጅት ተቀላቅሏል።

በ2024 ኅብረቱ በሴቶች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት የራሱን መመሪያ አወጣ። አባል አገሮች እስከ ጁን 14 ቀን 2027 ድረስ ከብሔራዊ ሕጋቸው ጋር ማዋሐድ አለባቸው።

የአገልግሎት ዓይነቶች

የስልክ መስመሮች

ለብዙ ሴቶች የመጀመሪያው ደረጃ የስልክ ጥሪ ነው። ጠሪዋ ስሟን መናገር አይጠበቅባትም። ስልኩን የምታነሳው ባለሙያ አስቸኳይ አደጋ መኖሩን ከጠየቀች በኋላ ያሉትን መብቶች ታስረዳለች፤ ካስፈለገም ክፍት ቦታ ካለው መጠለያ ጋር ታገናኛለች። ዘመዶችና ጎረቤቶችም ምክር ለመጠየቅ ሊደውሉ ይችላሉ።

በስፔን መስመሩ 016፣ በጣሊያን 1522፣ በፈረንሳይ 3919 ነው። የጀርመኑ መስመር በ2013 ሥራ ጀመረ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2022 መጨረሻ 116 016 የተባለውን ቁጥር ለኅብረቱ አገሮች የጋራ መስመር እንዲሆን መደበ። ሐሳቡ አንዲት ሴት በየትኛውም አገር ብትሆን አንድ ቁጥር ብቻ እንድታስታውስ ነው።

መጠለያዎች

መጠለያ ከመኝታ ቦታ በላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባለሙያዋ ከሴቲቱ ጋር የአደጋ ግምገማ ታደርጋለች። አጥቂው የጦር መሣሪያ አለው ወይ? አንቋት ያውቃል ወይ? እገድልሻለሁ ብሏት ያውቃል ወይ? ልጆቹ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ያውቃል ወይ? በመልሶቹ መሠረት በዚያው ከተማ መቆየት ወይም ወደ ሌላ ከተማ መዛወር ይወሰናል። ከዚያ በኋላ መታወቂያና ፓስፖርት ማውጣት፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ማስገባት፣ የጥበቃ ትእዛዝ ማመልከትና ቤት መፈለግ ይከተላል።

የብዙ መጠለያዎች አድራሻ በምሥጢር ይያዛል። ይሁን እንጂ በኔዘርላንድስና በሌሎች አንዳንድ አገሮች አድራሻቸው የሚታወቅ፣ በጠንካራ ጥበቃ የሚሠሩ መጠለያዎችም አሉ። የዚህ አሠራር ደጋፊዎች መደበቅ ያለበት አጥቂው እንጂ ሴቲቱ አይደለችም ይላሉ፤ ለልጆችም ከጓደኞቻቸው ሳይቆረጡ ለመኖር ይመቻል። ሕይወቷ በቀጥታ ለሚያሰጋ ሴት ግን ምሥጢራዊ ቤት አስፈላጊ ሆኖ ይቀጥላል።

የወሲባዊ ጥቃት ማዕከላት

ከአስገድዶ መድፈር በኋላ ጊዜ ወሳኝ ነው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመርም የተሻለ ነው። አስቸኳይ የእርግዝና መከላከያ እንደ ዓይነቱ እስከ 5 ቀናት ሊሠራ ይችላል። ከሰውነት የሚወሰድ ማስረጃም በየሰዓቱ እየጠፋ ይሄዳል።

ማዕከላቱ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ያደርጋሉ፤ ሴቲቱ ታሪኳን ለሐኪም፣ ለነርስና ለፖሊስ ደጋግማ እንዳትናገር ይረዳል። በበርካታ ማዕከላት ሴቲቱ ለመክሰስ ገና ባትወስንም ማስረጃው ተወስዶ ለተወሰነ ጊዜ ይቀመጥላታል። ውሳኔው በዚያች ቀን መሆኑ ቀርቶ ስትረጋጋ ይሆናል ማለት ነው።

የምክርና የአጃቢነት አገልግሎት

ሁሉም ሴት ከቤቷ መውጣት አይፈልግም ወይም አይችልም። የምክር ማዕከላት በቤታቸው ላሉ ሴቶች የደኅንነት ዕቅድ ያወጣሉ። በዕቅዱ ሰነዶችና ትርፍ ቁልፍ የት እንደሚቀመጡ፣ ልጆች ለማን እንደሚደውሉ፣ ከታመነች ጎረቤት ጋር ምን ምልክት እንደሚያዝ አስቀድሞ ይታሰባል። በፍርድ ቤትና በፖሊስ ጣቢያ አብረዋት የሚሄዱ አጃቢዎችም አሉ።

በ2003 በዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ የተጀመረ አሠራር ፖሊስ፣ ሐኪሞች፣ የቤቶች ጽሕፈት ቤትና የሴቶች ድርጅት በከፍተኛ አደጋ ላይ ስላሉ ሴቶች በመደበኛነት ተሰብስበው እንዲነጋገሩ ያደርጋል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የያዘው ቁራጭ መረጃ ብቻውን ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሲገጣጠም ግን ሊመጣ ያለውን አደጋ ያሳያል። አሠራሩ በኋላ በብሪታኒያ በሙሉ ተስፋፋ።

የአገሮች ተሞክሮ

ኦስትሪያ

ኦስትሪያ በ1997 በሥራ ላይ ያዋለችው የጥቃት መከላከያ ሕግ ጥያቄውን ገለበጠው። ቀደም ሲል ከቤት የምትሸሸው ሴቲቱ ነበረች። በአዲሱ ሕግ ፖሊስ አጥቂውን ወዲያውኑ ከቤት አስወጥቶ ቁልፉን ሊወስድበት ይችላል፤ ቤቱ የራሱ ንብረት ቢሆንም። እገዳው ለሁለት ሳምንት የሚቆይ ሲሆን፣ ሴቲቱ ለፍርድ ቤት ካመለከተች ይራዘማል።

ሌላው የሕጉ ገጽታ ፖሊስ ስለ እገዳው ለጥቃት መከላከያ ማዕከል ማሳወቁ ነው። ማዕከሉ ሴቲቱ እስክትመጣ ሳይጠብቅ ራሱ ይደውልላታል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ከቤት የተባረረው ሰው ለስድስት ሰዓት የጥቃት መከላከያ ምክር የመከታተል ግዴታ አለበት። ጀርመንን ጨምሮ ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል።

ስፔን

በታኅሣሥ 1997 አና ኦራንቴስ የተባለች የግራናዳ አካባቢ ሴት በቴሌቪዥን ቀርባ ለ40 ዓመታት ያህል ከባሏ የደረሰባትን ድብደባ ተናገረች። ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የቀድሞ ባሏ በእሳት አቃጥሎ ገደላት። ከፍቺው በኋላ በፍርድ ቤት ውሳኔ ሁለቱ በአንድ ቤት የተለያዩ ወለሎች ይኖሩ ነበር። ግድያው በአገሪቱ ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሰ።

በታኅሣሥ 2004 የወጣው ሕግ በሴቶች ላይ ለሚፈጸም ጥቃት ልዩ ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። ተጎጂዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ፣ ማኅበራዊ እርዳታና የሥራ ቦታ የመቀየር መብት እንዲኖራቸውም ደነገገ። የ016 መስመር በ2007 ተጀመረ።

ጀርመን

ጀርመን ከ350 በላይ መጠለያዎች አሏት። ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ ወጪያቸው የሚሸፈንበት መንገድ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያይ ነበር። በብዙ ቦታዎች የመጠለያው ወጪ ለእያንዳንዷ ሴት በቀን ተሰልቶ ከማኅበራዊ ድጎማዋ ይከፈላል። በዚህ ምክንያት ድጎማ የማግኘት መብት የሌላቸው ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና አንዳንድ የውጭ አገር ዜጎች ወጪውን ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ይጠየቁ ነበር።

በ2025 መጀመሪያ የጸደቀው የጥቃት እርዳታ ሕግ ይህን ለመለወጥ የታሰበ ነው። ሕጉ ለእያንዳንዷ ተጎጂ ከነጻ ክፍያ ጋር ጥበቃና ምክር የማግኘት ሕጋዊ መብት ይሰጣል። መብቱ ተፈጻሚ የሚሆነው ግን ከ2032 ጀምሮ ነው፤ በመሐል ያሉት ዓመታት አገልግሎቱን ለማስፋፋት የታሰቡ ናቸው።

ኖርዌይና ብሪታኒያ

በኖርዌይ ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት የመጠለያ አገልግሎት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በእንግሊዝ የ2021 የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች በመጠለያ ላሉ ተጎጂዎች ድጋፍ የማቅረብ ግዴታ እንዲኖርባቸው አድርጓል። ጥቃትን የሚያዩ ወይም የሚሰሙ ልጆችም ራሳቸው ተጎጂ መሆናቸውን ሕጉ አውቋል።

ስደተኛ ሴቶች

በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንን ጨምሮ ስደተኛ ሴቶች ተጨማሪ እንቅፋቶች አሉባቸው። የመጀመሪያው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። በትዳር ምክንያት የመጣች ሴት ፈቃዷ በባሏ ላይ ሲመሠረት፣ «ብትሄጂ ከአገር ትባረሪያለሽ» የሚለው ዛቻ እንደ ዱላ ያገለግላል። የኢስታንቡል ስምምነት አንቀጽ 59 እንዲህ ያለች ሴት በተለየ ከባድ ሁኔታ ውስጥ ስትገኝ የራሷን ፈቃድ የምታገኝበት መንገድ እንዲኖር ያዝዛል። ዩናይትድ ኪንግደም ስምምነቱን ስታጸድቅ በዚህ አንቀጽ ላይ ተአቅቦ አስመዝግባለች።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የተለመደው ስሕተት ባልን፣ ዘመድን ወይም ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ነው። ልጅ የእናቱን መደፈር እንዲተረጉም ማድረግ ሁለቱንም ይጎዳል። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ ባለሙያ አስተርጓሚዋ ራሷ የባልየው ትውውቅ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አንዳንድ ድርጅቶች ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉሙ ሰዎችን ይጠቀማሉ።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ስደተኛ ሴቶች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ድርጅቶች አሉ። በ1979 በምዕራብ ለንደን የተመሠረተው የሳውዝሆል ጥቁር እኅቶች ድርጅት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በሴት ልጅ ግርዛት ላይም የተለዩ ድርጅቶች ይሠራሉ። በጋና የተወለደችው ኤፉዋ ዶርኬኑ በ1983 በለንደን ፎርዋርድ የተባለውን ድርጅት መሠረተች። በበርሊን ከ2013 ጀምሮ የሚሠራውና በሶማሊያዊቷ ዋሪስ ዲሪ ድጋፍ የተቋቋመው የበረሃ አበባ ማዕከል ለተገረዙ ሴቶች ቀዶ ሕክምናና ምክር ይሰጣል። ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ሴቶች ከዚህ ዓይነት አገልግሎት ተጠቃሚዎች መካከል ናቸው።

የዲጂታል ደኅንነት

ስልክ እርዳታ መጠየቂያም መከታተያም ሊሆን ይችላል። አጥቂው የሴቲቱን የይለፍ ቃል ሊያውቅ፣ የቤተሰብ ሒሳብ ተጠቅሞ ያለችበትን ቦታ ሊያይ ወይም የስለላ መተግበሪያ ሊጭንባት ይችላል። የስፔኑ 016 ጥሪ በስልክ ክፍያ ደረሰኝ ላይ አይታይም። በስልኩ የጥሪ ዝርዝር ውስጥ ግን ስለሚቀር ሴቲቱ ራሷ መሰረዝ አለባት። በብዙ የእርዳታ ድረ ገጾች ላይ የሚታየው ፈጣን መውጫ ቁልፍ ገጹን ወዲያው ወደ ሌላ ይቀይረዋል፤ ሆኖም የአሰሳ ታሪኩን አያጠፋም።

ወደ መጠለያ የምትገባ ሴት ስልክ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይፈተሻል። የቦታ ማጋሪያው ይዘጋል፣ የይለፍ ቃሎች ይቀየራሉ፣ የልጆች ታብሌትና መጫወቻዎችም ይታያሉ። ይሁንና ባለሙያዎች የስለላ መተግበሪያን በድንገት ማጥፋትን አይመክሩም። አጥቂው መታወቁን ሲረዳ ጥቃቱ ሊባባስ ስለሚችል በመጀመሪያ የደኅንነት ዕቅድ ይወጣል። የ2024 የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በኢንተርኔት የሚፈጸም ክትትልንና የግል ምስሎችን ያለ ፈቃድ ማሰራጨትን ወንጀል አድርጎ እንዲቀጣ ያዝዛል።

በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ሴቶች ከአጥቂዎቻቸው ጋር ቤት ሲዘጋባቸው፣ በብዙ ቦታ ስልክ መደወል አልተቻለም። በስፔን የካናሪ ደሴቶች ሴቶች መድኃኒት ቤት ሄደው «ማስክ 19» እንዲሉ ተነገራቸው። ቃሉን የሰማ ባለሙያ የአደጋ ጊዜ መስመር ይደውላል። አሠራሩ ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል።

ችግሮችና ክርክሮች

ዋናው ችግር የቦታ እጥረት ነው። ግሬቪዮና የሴቶች ድርጅቶች በተለያዩ አገሮች ላይ ባወጧቸው ሪፖርቶች የመጠለያ ቦታዎች ከመለኪያው በታች መሆናቸውን፣ በገጠርም ይበልጥ እንደሚያንሱ ደጋግመው ገልጸዋል። የአካል ጉዳት ያለባቸው ሴቶች፣ ብዙ ልጆች ወይም ጎረምሳ ወንድ ልጅ ያላቸው እናቶች፣ የአእምሮ ሕመም ወይም የሱስ ችግር ያለባቸው ሴቶች ቦታ ቢኖር እንኳ ላይቀበሏቸው ይችላል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ብዙ ማዕከላት በዓመት በሚታደስ በጀት ስለሚሠሩ ልምድ ያላቸው ሠራተኞችን ማቆየት ይቸገራሉ። በአንዳንድ አገሮች አገልግሎቱ በጨረታ ሲሰጥ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ አጠቃላይ ድርጅት ለዓመታት የሠራውን የሴቶች ማኅበር ሊተካ ይችላል።

ሦስተኛው ከመጠለያ በኋላ ያለው ሕይወት ነው። በትልልቅ ከተሞች ኪራይ ውድ በመሆኑ ሴቶች ለመውጣት ከተዘጋጁ በኋላም በመጠለያ ይቆያሉ። አልጋው ሳይለቀቅ ሲቀር ሌላዋ ሴት በር ላይ ትመለሳለች። የልጆች የጉብኝት መብትም ተጨማሪ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ከአጥቂው የተለየች እናት ልጆቹን በየሳምንቱ ለእሱ ማስረከብ ስትገደድ መገናኘቱ አይቀርም። አንቀጽ 31 ፍርድ ቤቶች ስለ ልጅ አሳዳጊነትና ጉብኝት ሲወስኑ የጥቃቱን ታሪክ እንዲያገናዝቡ የሚያዝዘው ለዚህ ነው።

ወንዶችም የቤት ውስጥ ጥቃት ሰለባ ስለሚሆኑ አገልግሎቱ ለሁሉም እኩል ይሁን የሚል ክርክርም አለ። የኢስታንቡል ስምምነት አገሮች ድንጋጌዎቹን በቤት ውስጥ ጥቃት ለተጎዱ ሁሉ እንዲጠቀሙ ያበረታታል፤ ነገር ግን ጥቃቱ ከመጠን በላይ የሚደርሰው በሴቶች ላይ በመሆኑ ለእነሱ የተለየ አገልግሎት እንዲኖር ይጠይቃል። የሴቶች ድርጅቶችም ለወንዶች የሚሆን አገልግሎት ከሴቶች መጠለያ በጀት ተቀንሶ ሳይሆን በራሱ በጀት ሊቋቋም ይገባል ይላሉ።